ጠቅ ብሎ ዝም ያለው መኪና

ማኒቫን ቁልፉን ስታዞር መኪናው ጠቅ አለና ዝም አለ። ደግማ አዞረችው። ጠቅ። በሦስተኛው እጇን አነሳች፤ በልቧ ግን የቀረውን ሁሉ ጨርሳው ነበር። መኪናው እዚሁ ይቀራል፣ ልጇ ከውድድሩ ትቀራለች፣ የመንደሩ ሴቶች ጀልባ ያለ መሪ ወንዝ ዳር ሲንሳፈፍ ይውላል። ከዚያ በኋላ ገበያ መሃል ቀና ብሎ መሄድ የለም።

ልጇ ፖንማሊ አጠገቧ ተቀምጣለች። ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና አድራ ገና መግባቷ ነው። የጀልባው የኋላ መሪም እሷ ናት። አርባ ሴት ቢቀዝፍም ያለ እሷ ጀልባው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ፓክሴ ከተማ የውድድሩ ምዝገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ አሁን አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፤ መንገዱ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ቀዛፊዎቹም፣ ከበሮ መቺዎቹም፣ ሞተር ብስክሌት ያለውም ሁሉ ትናንት ሄዷል። መንደሩ ውስጥ የቀሩት ሽማግሌዎችና ዶሮዎች ናቸው።

ፖንማሊ ባትሪው ከተቀየረ ገና ሁለት ቀኑ መሆኑን አስታወሰቻት።

"አዲስ ነው ብለው አሮጌ ሸጠውልኝ ይሆናላ" አለች እናት።

ቢሆንም መብራቱን አበራችው። አጥሩ ቦግ ብሎ ታየ። ክላክሱን ስትነካው ዶሮዎቹ ተበታተኑ። ባትሪው እንግዲህ አልሞተም። ቁልፉን ስታዞረው ግን መብራቱ ጭልም ይላል፣ ስትለቀው መልሶ ይበራል።

ለመንደሩ መካኒክ ለቪሳይ ደወለችለት። እሱም ፓክሴ ወንዝ ዳር ነበር፤ ከከበሮው ጩኸት ጋር እየታገለ ጠቅ ካለ ችግሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው፣ ከሥር ገብተሽ በመዶሻ ቀስ አድርገሽ ምቺው አላት። ማኒቫን የበዓል የሐር ሽርጧን ሰብስባ መሬት ላይ ተንጋለለችና መታችው። ፖንማሊ ቁልፉን አዞረች። ጠቅ።

"በቃ ሞቷል፣ እትዬ ማኒቫን" አለ ቪሳይ። "አውቶማቲክ ስለሆነ ደግሞ ተገፍቶም አይነሳልሽም። ሌላ መሪ ይፈልጉ ልበላቸው?"

"እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አፍህን ዘግተህ ጠብቀኝ" አለችውና ስልኩን ዘጋችው። ከአፏ የወጣው ቃል ራሷንም አስደነገጣት።

በዚህ መሃል የማኒቫን አጎት፣ የእናቷ ወንድም ሽማግሌው ሲንካም፣ በትራቸውን ይዘው መጡ። በወጣትነታቸው መነኩሴ ነበሩ፤ ትናንት ቀዛፊዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ነፍስ ከሰውነት እንዳትርቅ ጸሎት አድርሰው እጃቸውን በነጭ ክር ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ለመኪናውም ጸልየውለታል፤ ስለዚህ መነሳቱ አይቀርም፣ አትጨነቂ አሏት።

አለመጨነቅ ግን ማኒቫን የምትችለው ነገር አልነበረም። በየምሽቱ ቤቱ ይቃጠልብኛል እያለች ሶኬቱን ሁሉ በእጇ ዳስሳ የምትተኛ ሴት ናት። ልጇ ስቃባታለች፣ ጎረቤት ስቆባታል። ከዚያ ሁሉ ዳሰሳ ግን አንድ ነገር ታውቃለች፤ በደንብ ያልገጠመ ነገር ይግላል። ኮፈኑን ከፈተችና ፖንማሊን ቁልፉን አዙረሽ ያዥልኝ አለቻት። ከዚያ የባትሪውን ራስ የጨበጡትን ሁለቱን ብረቶች ነካች። የቀዩ ሽቦ ቀዝቃዛ ነው። የጥቁሩ ጣቷን ለበለባት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ከብረቱ ሥር ነጭ ክር ብቅ ብሏል።

"አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ሲንካም ደረታቸውን ነፉ። "ሰው በእጁ ይታሰርለታል። መኪና እጅ የለው፣ ልቡ ላይ አሰርኩለት። ክሩ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ብዬ ብሎኑን ፈታሁና ከሥር ጠመጠምኩት፤ ሰባት ዙር። ከዚያ ጥብቅ!"

ማኒቫን ገባት። ብረቱ ብረቱን በደንብ አልነካም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የነካው። በዚያች ጠባብ ንክኪ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ለመብራት ይበቃል፣ ሞተር ለማስነሳት ግን አይበቃም።

ክሩ ይነሳ ስትል ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነካም፤ መቁረጥማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። ማኒቫን ይህን ከእሳቸው በላይ ትፈራለች። የተገለበጠ ጀልባ ታያት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የልጇ ነጠላ ጫማ ታያት። ፖንማሊ ሰዓቷን አየች።

"አልቆርጠውም" አለች ማኒቫን። "በባረኩበት እጅዎ ፈተው መሪው ላይ ይሰሩልኝ። የመኪና እጁ መሪው ነው።"

"ሦስት ቀን ነው የተባለው፣ ልጄ።"

"ሦስት ቀን እዚህ ግቢ ከቆመ ማንን ሊጠብቅ ነው? ዶሮዎቹን?"

ሽማግሌው ዞረው ዶሮዎቹን አዩ። ኋላ "ምላስሽስ የእናትሽ ነው" ብለው በትራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ።

ማኒቫን በብሎን መፍቻ ብረቱን አላልታ አነሳችው። ቋጠሮው ግን ድንጋይ ሆኗል፤ የሽማግሌው ጣቶችም ይንቀጠቀጣሉ። ፖንማሊ ከቦርሳዋ የቁስል መቆንጠጫዋን አወጣችና ጫፉን ሳበችላቸው። እሳቸው ዙር በዙር እያጉተመተሙ ፈቱት። አንድም ቦታ አልተበጠሰም። መሪው ላይ ሲያስሩት ማኒቫን የባትሪውን ራስ በቢላ ፋቀችና ብረቱን መልሳ አጠበቀችው።

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ያለ ምንም ማንገራገር ተነስቶ አጓራ። ፖንማሊ እናቷን አንገቷ ላይ ሳመቻት፤ ሲንካም ማንም ሳይጋብዛቸው ከኋላ ወጥተው ተቀመጡ።

ፓክሴ የደረሱት ምዝገባው ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቪሳይ የምዝገባው ቦታ በር ላይ ቆሞ አፉን ከፈተ።

"ሞተሪኖውን ማን ቀየረልሽ?"

"ማንም። አልሞተም ነበር፤ አንተ ነህ ቀድመህ የቀበርከው።"

ፖንማሊ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። አርባው ሴት ሲያያት አንድ ላይ እልል አለ።

ማኒቫን ውድድሩን አላየችም። ጀልባዎቹ ሲነሱ ዓይኗን ጨፍና በሐሳቧ የሰመጡትን መቁጠር ጀመረች። ሽማግሌው አጎቷ ትከሻዋን ይዘው እስኪነቀንቋት ድረስ አልገለጠችም። ስትገልጥ የመንደራቸው ጀልባ የመጨረሻውን መስመር በግማሽ የጀልባ ርዝመት ቀድሞ አልፎ ነበር። ከኋላ ጫፉ ላይ አንዲት ሴት ቀጥ ብላ ቆማ መቅዘፊያዋን ወደ ላይ አንስታለች፤ አፏ የሚጠራው እናቷን ነበር።