የፓቡጂ ዓይን

በእነ ጎቨርዳን ቤት የሥዕል ብሩሽ ለወንድ ልጅና ለምራት እንጂ ለሴት ልጅ አይሰጥም። ሴት ልጅ ስታገባ ጥበቡን ይዛ ባዕድ ቤት ትገባለች ይላሉ፤ የአባቶች ሕግ ነው፣ ማን ይሟገታል። እንግዲህ የጎቨርዳን ወንድ ልጅ ሱራት ከተማ ፋብሪካ ገብቶ ቀርቷል፣ ሽማግሌው ጎቨርዳን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምራታቸው ሱገና ደግሞ ግመል ሣዪ ስትባል ፍየል የምታወጣ ሴት ናት። እጅ ያላት ኬሳር ነበረች። ኬሳር ግን ልጃቸው ናት።

ደግነቱ ምራት አማቷ ፊት አትገለጥም። አማትም ምራቱን አይነካም፣ ቀና ብሎም አያያትም። ስለዚህ ኬሳር የሱገናን ቀይ መሸፈኛ ተከናንባ፣ አምባሮቿን አጥልቃ ክረምቱን ሙሉ ቤቱ የታዘዘውን የአምላክ ሥዕል ሸራ ላይ ስትሥል ከረመች። ሱገና ከብቶቹ ጋ ትውላለች። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ "የምራቴ እጅ ተፈታ" እያሉ ለጎረቤት ይኩራራሉ።

አሁን የቀረው የግመል አርቢዎቹ አምላክ የፓቡጂ ዓይን ብቻ ነው። ዓይኑ ሲሣል አምላኩ ሸራው ውስጥ ይገባል። ሸራውን ይዞ በየመንደሩ የሚዘፍንለት አዝማሪ፣ ሐርማል፣ መጥቶ ቁጭ ብሏል። ሽማግሌውም በደንቡ መሠረት ሸራው አጠገብ ተቀምጠዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ" አለች ሱገና ጓዳ ውስጥ። "ከተነቃብን አዝማሪው ሸራውን አይወስደውም። አባትሽም ሁለተኛ ብሩሽ አያስነኩሽም።"

"እሺ፣ አንቺ ሣዪዋ።"

"እኔ ከሣልኩት አምላኩ ሸውራራ ሆኖ ይቀራል። እንኪ አምባሩን።"

ኬሳር ሸራው ፊት ተንበረከከች። ብሩሹን ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነክራ የአንዱን ዓይን ብሌን አኖረች። ያኔ ነው ትዝ ያላት፤ ብሩሹ በግራ እጇ ነው። ሱገና በቀኟ ነው የምትሠራው። በዚህ ቤት ግራኝ እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። ክው አለች።

"ምራትዎ ግራኝ ናት እንዴ?" አለ ሐርማል።

ሽማግሌው የራሳቸውን ግራ እጅ ገልብጠው አዩ።

"እኔ አይደለሁ ያስተማርኳት" አሉ። "በይ፣ ሁለተኛውን ጨርሺ።"

ጨረሰች። ሐርማል ለአምላኩ እጅ ነሣና፣ ቀለሙ ሲደርቅ ሸራውን ጠቅልሎ ተሸክሞ ወጣ። ኬሳር ካጎነበሰችበት ቀና ማለት ፈርታ ቀረች።

አባቷ ተነሡ። አጠገቧ መጥተው ቆሙና የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን በመሸፈኛው ላይ አናቷ ላይ አሳረፉ።