የታጠፈው ጋሪ

ወይዘሮ ቤሪል ሐሙስ ሐሙስ ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ሼፊልድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፤ ዳሌያቸውን ካመማቸው ወዲህ ያን ቁልቁለት በእግር መሞከሩን ትተውታል። በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ከበሩ ገባ እንዳሉ፣ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ጋሪ የተተወ ቦታ አለ። ወንበሩ ጋሪ ሲመጣ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ይወርዳል። ከባለቤታቸው ከክሊፍ ጋር እዚያ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስንት ዘመን ተመላልሰዋል።

ክሊፍ ባለፈው ጥቅምት ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ሰው “እንዴት ሆኑ?” ሲላቸው ወይዘሮ ቤሪል “ደህና ነኝ፤ ምን እሆናለሁ?” ይላሉ እንጂ የባላቸውን ስም አንስተው አያውቁም። ልጃቸው ጃኒስ ከብሪስቶል ስትደውል እንኳ ስለ አየሩና ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ አውርተው ይሰነባበታሉ። ብቻ ሐሙስ ሲመጣ ያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ጎናቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያሳርፋሉ፤ ገበያው ጋ ሲደርሱ ይወርዳሉ።

የካቲት ውስጥ አንድ ሐሙስ፣ ዝናብና ነፋስ ሲያላጋ ባረፈደበት ቀን፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ መጣ። ወይዘሮ ቤሪል ምርኩዛቸውን አስቀድመው ገቡ። ወደ ወንበራቸው ዞር ሲሉ ወንበሩ ወደ ላይ ታጥፎ፣ በቦታው ትንሽ መኪና የሚያህል የሕፃን ጋሪ ተገትሯል። እጀታው ላይ ከረጢት በከረጢት ተደርቦ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ አንዲት ወጣት እናት፣ ፀጉሯን እንደ ነገሩ አናቷ ላይ ጠቅልላ፣ ዓይኗ እንቅልፍ በማጣት ቀልቶ ቆማለች።

“የኔ ልጅ፣ ጋሪውን ብታጥፊልኝ ልቀመጥ ነበር፤” አሉ ወይዘሮ ቤሪል።

“አሁን ገና መተኛቱ ነው፣ እማማ፤” አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነው ያደረው። ከቀሰቀስኩት አውቶቡሱ በሙሉ ነው የሚጸጸተው።”

“ሌላ ቦታ ቢኖር ባልጠየቅሁሽ።”

“ከኋላ አለ እኮ። ያ ልጅ ሊነሳልዎት ነው።”

እውነትም ከኋላ አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ ነበር። ግን እሱ ጋ ለመድረስ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል፤ ለወይዘሮ ቤሪል ዳሌ ደግሞ በሚወዛወዝ አውቶቡስ ውስጥ ደረጃ ማለት ገደል ማለት ነው።

ፊት ለፊት የተቀመጡ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚስተር ሄፕዎርዝ ይባላሉ፤ በዚህ መስመር የሚሳፈር ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ነገር ሲኖር ዝም አይሉም።

“በኛ ጊዜ ጋሪ ሳይታጠፍ አውቶቡስ ውስጥ አይገባም ነበር፤” አሉ።

“በናንተ ጊዜ ጋሪው ጃንጥላ ያህል ነበራ፤” አለች ልጅቷ። “ይሄ ቤቴ ነው። ምግቡም፣ ልብሱም፣ ዳይፐሩም፣ የሳምንት አስቤዛዬም እሱ ላይ ነው።”

“ቤቱን ይዞ የሚዞር ቀንድ አውጣ ብቻ ነው የማውቀው።”

“ቀንድ አውጣን እንኳ ተነሺ የሚላት የለም።”

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ሳቁ ወይዘሮ ቤሪልን ቆጠቆጣቸው። ዳሌያቸው እያመማቸው ነው፤ ደግሞም ሳምንቱን ሙሉ የጠበቁት ያን ወንበር ነው።

“እኔም ልጅ አሳድጌያለሁ፤” አሉ። “ያውም ብቻዬን። ሰው አስቁሜ ግን አላሳደግሁም።”

ልጅቷ በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ቀላ። ሾፌሩ ናዲም ነገሩን በመስተዋት ሲከታተል ቆይቶ ሞተሩን አጠፋ።

“እማማ ቤሪል ሳይቀመጡ አልነሳም፤” አለ ዞር ብሎ። “ሰው ወድቆብኝ ምን ብዬ አስረዳለሁ? ተስማሙና ንገሩኝ።”

ልጅቷ ጎንበስ አለች። የልጁን ማሰሪያ ፈታች፣ ብድግ አድርጋ አቀፈችው፣ ጋሪውን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ በጉልበቷ ወንበሩን አወረደችው። ወይዘሮ ቤሪል ተቀመጡ። ልጅቷ ግን እዚያው ቆማ ቀረች። ጋሪ ማጠፍ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሁለቱም እጆቿ ልጁን ይዘዋል። ግራና ቀኝ አየች።

“በሉ እንግዲህ ይያዙልኝ፤” አለችና ልጁን ወይዘሮ ቤሪል ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ጋሪው እምቢ አለ። ረገጠችው፣ ሳበችው፣ ነቀነቀችው፤ መጨረሻ ላይ ባላሰበችው ሰዓት ድንገት እጥፍ ሲል አንዱ ከረጢት ተቀደደ፤ ድንቹ በመተላለፊያው ላይ ተንከባለለ። ሚስተር ሄፕዎርዝ “ወገቤን፣ ወገቤን” እያሉ ከወንበራቸው ተነሱና በጫማቸው አንዱን አስቆሙት። ናዲም ከመሪው ሥር አንድ ድንች አነሳ። ጎረምሳውም ከኋላ ወርዶ ይለቅም ጀመር። ልጅቷ የታጠፈውን ጋሪ እንደ በግ በሁለት እግሯ መሃል ይዛ ድንቹን ስትቀበል መሳቅ ጀመረች፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። በእጅጌዋ ጠራረገችው።

ወይዘሮ ቤሪል ይህን ሁሉ በግማሽ ዓይን ነው ያዩት። ልጁ ነቅቶ ሽቅብ ያያቸዋል፤ አላለቀሰም። የካፖርታቸውን ቁልፍ ጨብጦ ትንሽ አሰበበት፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ ጥሎ መልሶ ተኛ። ከበደ። ሞቀ። የሕፃን ክብደት እንዲህ እንደሆነ ረስተውት ነበር፤ ወተት ወተት የሚለውን ጠረንም።

ጃኒስን በወለደች ጊዜ “ወይዘሮ” ብሎ የሚጠራት አልነበረም፤ ቤሪል ብቻ ነበረች። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ጣቷ ላይ ቀለበት የለም። አባቷ “ለጎረቤት ምን እላለሁ?” ብሎ ከቤት ስላስወጣት አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ነበር። ጃኒስን ይዛ መጀመሪያ ጊዜ ከተማ የወረደችው ሐምሌ ላይ ነው፤ በዚያ አገር የበጋ ሙቀት ጣቷ እንዳይታይ ጓንት አድርጋ። የዚያን ጊዜ አውቶቡስ ባለ ፎቅ ነበር፤ መግቢያው ከኋላ ነው፣ መዝጊያም የለውም፤ ትኬት ቆራጩ ምሰሶውን ይዞ መርገጫው ላይ ይቆማል፣ ጋሪ ደግሞ ወደ ፎቁ ከሚያወጣው ደረጃ ሥር ይገባል። አውቶቡሱ ሲቆም ሴቶቹ መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥለው ጓንቷን አዩ።

ትኬት ቆራጩ ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ገተር ያለ ወጣት ነበር። ዘሎ ወረደ፣ ጃኒስን ከእጇ ተቀብሎ አንዲት አሮጊት ጭን ላይ አስቀመጠ፣ ጋሪውን በአንድ እግሩ እጥፍ አድርጎ ከደረጃው ሥር ከተተው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ፣ ግን ሳይቆጣ፣ “ለወይዘሮዋ ቦታ ልቀቁላት እስቲ፤” አለ።

አንድ ሰውዬ ተነሳ። ቤሪል ተቀመጠችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ማንም አላያትም። ትኬት ቆራጩ ትኬቷን ሲሰጣት እንኳ ፊቷን ሳያይ አለፈ፤ እንዳታፍር ብሎ አውቆ ያደረገው እንደሆነ ከዓመታት በኋላ ነገራት። የጃኒስ አባት ማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም። ጃኒስ መራመድ ስትጀምር ተጋቡ። ጃኒስ ሌላ አባት አታውቅም።

“ስሙ ማን ነው?” አሉ ወይዘሮ ቤሪል። አውቶቡሱ መንገድ ጀምሯል።

“ዊልፍ።”

“ዊልፍ? አጎቴ ዊልፍ ይባል ነበር። ርግብ ያረባ ነበር፤ ሌሊት ሲያስል ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል።”

“ከርግቡ በቀር አንድ ናቸው፤” አለች ልጅቷ። ቀጥላም፣ “ታራ እባላለሁ። ጋሪውን የማላጥፈው ለክፋት አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ከርሟል። አንዴ ከወረድኩ እስኪመሽ ተመልሼ አልወጣም፤” አለች።

“ዛሬ የት ልትሄጂ ነው?”

“የትም። አውቶቡስ ውስጥ ይተኛል፤ እሱ ሲተኛ እኔም ዓይኔን ከደን አደርጋለሁ። መጨረሻው ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።”

ወይዘሮ ቤሪል ልጁን ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

“ቅድም ያልኩሽ ልክ አይደለም፤” አሉ። “ሰው አስቁሜ አላሳደግሁም ያልኩሽ። ሰው ተነስቶልኝ ነው ያሳደግሁት። ያስነሳልኝ ደግሞ ክሊፍ ነው።”

ከቀብሩ ወዲህ ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ ይህ መጀመሪያው ነበር። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ስለ ጓንቱ፣ ስለ አሮጊቷ ጭን፣ ክሊፍ ጃኒስን አዝሎ ትኬት ስለቆረጠበት የብርድ ቀን። ታራ ጋሪዋን ተደግፋ ሰማች።

“ክሊፍ?” አሉ ሚስተር ሄፕዎርዝ ድንገት። “ጆሮ ገተሩ? ፌርማታውን በዜማ ይጠራ የነበረው?”

“ወይ ጉድ፤ እሱን እንዴት ረሳሁት!”

“እኔ አልረሳሁም፤ አጠገብሽ ይቀመጡ የነበሩት ሽማግሌ እሱ መሆናቸውን ግን አላወቅሁም። ትምህርት ቤት የምሄደው በሱ አውቶቡስ ነበር።” ሽማግሌው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው በተሰነጠቀ ድምፅ፣ ለራሳቸው ያህል አዜሙ፦ “ቤተ ክርስቲያኗ ጋ፣ ኃጢአተኛ ይውረድ... ቢራ ፋብሪካው ጋ፣ የቀረው ይውረድ... ገበያ፣ ገበያ፣ ቦርሳችሁን ያዙ...”

ወይዘሮ ቤሪል ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ልጁ እንዳይነቃ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው። የቢራ ፋብሪካው ከፈረሰ ስንት ጊዜው ነው። ዜማው ግን ልክ እሱ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው ሳይቀር።

“እማማ፣ ገበያው እያለፈዎት ነው፤” አለች ታራ።

“አየሁት፤” አሉ። “ይተኛ።”

መጨረሻው ድረስ ሄደው አብረው ተመለሱ። አስቤዛው ሳይገዛ ዋለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ታራ ወይዘሮ ቤሪልን በመስኮት ስታይ ማሰሪያውን ለመፍታት ጎንበስ አለች። ልጁ ተኝቶ ነበር። ወይዘሮ ቤሪል “ተዪው፣ ተዪው” ብለው ምሰሶውን ያዙ።

“ኧረ በሕግ አምላክ፤” አሉ ሚስተር ሄፕዎርዝ እየተነሱ። “ተቀመጪ ባክሽ። የክሊፍ ሚስት ቆማ እኔ ብቀመጥ ከሰማይ ወርዶ ነው የሚያስነሳኝ።”

እንዲህ እንዲህ እያለ የብርዱ ወራት አለፈ። አንዳንዴ ጋሪው ይታጠፋል፣ አንዳንዴ ሽማግሌው ይነሳሉ፣ አንዳንዴ ጎረምሳው ቀድሞ ወንበር ይዞ ይጠብቃል። በግንቦት ማዘጋጃ ቤቱ ለታራ ከከተማው ማዶ ደረጃ የሌለው ምድር ቤት ሰጣት፤ ደጃፉ ላይ ሣር አለ። እዚያ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መያዝ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ቤሪል ሁለቱንም ይይዛሉ፤ ሁለተኛው ላይ የሚያውቃቸው ስለሌለ መጀመሪያ ሰሞን ቆመው ሄደዋል።

ነሐሴ ላይ ጃኒስ ደወለች። “ቀኑን ሙሉ ስደውል ነበር፤ የት ጠፍተሽ ነው? ልቤን ሰቀልሽው እኮ።”

“ሰው ልጠይቅ ሄጄ። ዊልፍ ዛሬ ከበሩ እስከ እኔ ድረስ በእግሩ መጣ።”

“ዊልፍ ማን ነው?”

“ጊዜ አለሽ?” አሉ ወይዘሮ ቤሪል፣ ጫማቸውን እያወለቁ። “ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። ከአባትሽ ነው የምጀምርልሽ።”