ከሰማይ የታየ አጥር

ማዕዶት ስትናደድ አፏ ይቀድማታል። ያን ቅዳሜም የሆነው ይኸው ነው። ከወልቂጤ ተነስታ ከእምድብር ወጣ ብሎ ወዳለው የአባቷ መንደር የመጣችው ሽማግሎች በጀፎረው ጉዳይ ተቀምጠዋል ተብሎ ስለተደወለላት ነበር። ጀፎረ የሚባለው፣ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ የሳር ሜዳ የማንም አይደለም። ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ሙሽራ የሚታጀበው፣ ከብት የሚነዳው በእሱ ላይ ነው። ከጀፎረ ቆርሶ ያጠረ ሰው አጥሩን ነቅሎ ይክሳል፤ ካልካሰ ደግሞ ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው ጎረቤት አያገኝም።

አሁን ጀፎረው በአባቷ በጋሽ ፍቅሩ ቤትና ከፊት ለፊት ባለው በእትዬ ሸዋዬ ቤት መካከል ጠቧል። መጥበቡን ሁሉም ያያል። ሜዳው እዚያ ጋ ስለሚታጠፍ ግን ከየትኛው ወገን እንደተቆረሰ መሬት ላይ ቆሞ የሚለይ ሰው አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ የመንደሩ ጣት የተቀሰረው ሸዋዬ ላይ ነው። ጥፋቷ ምን ሆነና? ባሏ በሞተ በዓመቱ ሠራተኛ ቀጥራ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አጥሯን አደሰች። ባል የሌላት ሴት አንድ እንጨት ብትተክል የሚያይ ዓይን አይጠፋም፤ ባለቤቷ በሕይወት ሳለ ግን ያ ሁሉ ዓይን የት ነበር?

«ሌባው ከማዶ ነው!» አለች ሸዋዬ ነጠላዋን እያጣፋች። «የኔ አጥር ባለቤቴ በቆፈረው ጉድጓድ ላይ ነው የቆመው።»

«ባለቤትሽን ጠርተን አንጠይቀው ነገር» አለ የሰፈሩ ዳኛ ታምሩ። አንዳንዶቹ ሳቁ።

ማዕዶት ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። «አባቴን ነው ሌባ የሚሉት፣ እትዬ ሸዋዬ? እሺ! በአውሮፕላን አንስቼ ለሁላችሁም አሳያችኋለሁ። ከላይ ሲታይ የማን አጥር እንደወጣ ይለያል።»

«በየትኛው አውሮፕላን? ቦሌ ካለው?» አለ አንዱ።

«እኔ በሠራሁት!»

እውነቷን ነው። ወልቂጤ ውስጥ ማስታወቂያ የምትሠራበት ቤት አላት፤ በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ፎም እየቆረጠች ለሱቆች የስም ፊደል ትሠራለች። ከቁርጥራጩ በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። ሽማግሎቹ ለሳምንት ቀጠሩ። አባቷ ወደ ታክሲው ሲሸኛት ክንዷን ያዝ አደረገ።

«ተይው ልጄ። ሰማዩን ለጌታ ተይለት።»

ትሕትና መሰላት። ኮራችበት።

የቡታጅራው ሙከሚል የሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ሞተርና ባትሪ የሚያፈላልግላት፣ አብሯት የሚያበር፣ አብሯት የሚከሰክስ ጓደኛዋ። አውሮፕላኗን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ ሳቀ።

«ወላሂ፣ ድንቢጥ ላይ ጆንያ ልትጭኚ ነው። ይቺ የተሠራችው ለመገለባበጥ እንጂ ካሜራ ለመሸከም አይደለም።»

«እናስረዝማታለን።»

«ደግሞ ድሮን ነው ብለው እንዳያስሩን።»

«ለቀበሌው ነግሬያለሁ። ወሬውን ተውና ቀርከሃውን ሰንጥቅ።»

ክንፎቿን ከሁለቱም ጫፍ ቀጠሉ፤ እንዳይታጠፉም በውስጣቸው የቀርከሃ ስንጣሪ አስገቡ። ማዕዶት ግን ንዴቷ አልበረደም ነበር። ሱፐር ግሉ የሚሉት ማጣበቂያ ፎምን እንደሚበላ ለሌላው ስታስተምር የኖረች ሴት በጥድፊያ እሱኑ አንጠባጠበችበት፤ አዲሱ ክንፍ ዓይኗ እያየ ተቦርቡሮ ቀለጠ። እንደገና ቆረጠች። ካሜራውን ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር ሲያስሩት አፍንጫዋ ከበደ፤ በመጀመሪያው ሙከራም ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ተተከለች። ጠገኗት፣ ባትሪውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። በመጨረሻ ሙከሚል ክንፎቿን በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ላይ ሲያሳርፋት ወደየትም ሳታዘነብል ቆመች።

«አሁን ሚዛን ገባች» አለ።

በቀጠሮው ቀን መንደሩ ወጥቶ ጠበቃቸው። ሙከሚል አውሮፕላኗን ይዞ ሮጠና ወረወራት። ዝቅ ብላ ልትወድቅ መሰለች፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ከዚያ ከእንሰቱ በላይ ወጣች። ማዕዶት ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል ጀፎረውን ከላይ እስከ ታች አስኬደቻት፤ በሁለቱ ቤቶች ላይ ደጋግማ አዞረቻት። ላሞቹ ደነገጡ፤ ሽማግሎቹ ቆባቸውን ይዘው አንጋጠጡ። ሳሩ ላይ በሆዷ ተንሸራትታ ስታርፍ አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ።

ሙከሚል የካሜራውን ካርድ ስልኩ ውስጥ አስገባ። ሲያይ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«ምን ሆንክ? አምጣው እንጂ!»

ሰጣት። የማዶው ረድፍ መታጠፊያውን እኩል ተከትሎ ይሄዳል፤ የሸዋዬ አጥር ከጎረቤቶቿ ጋር አንድ መስመር ነው። በአባቷ በኩል ግን መስመሩ እንደ ሆድ ተነፍቶ ወደ ሜዳው ገብቷል። ከተነፋው ሆድ ውስጥ በነጭ ድንጋይ የተከበበ ጠባብ መደብ ይታያል። የእናቷ መቃብር ነው።

«ማዕዶትዬ» አለ ሙከሚል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካርዱ ተቃጥሏል እንበል። ጠጋኝ ነኝ፣ ያምኑኛል።»

ስልኩን እንደያዘች ዞረች። አባቷ ከአጥሩ ጥግ ብቻውን ቆሟል። ሄደች።

«አባባ፣ መቼ ነው?»

ፍቅሩ አልካደም። «እንጨቱ በበሰበሰና ባደስኩ ቁጥር ትንሽ፣ ትንሽ። እናትሽ ያረፈችው ከአጥሩ ሥር ነው፤ ከብት ሲያልፍ ራስጌዋ ላይ ይረግጥ ነበር። ላርቅላት ብዬ ነው።»

«ሸዋዬን ሌባ ሲሏትስ?»

«ዝም አልኩ።»

«ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠህ! በየቀኑ ደህና አደርሽ እያልካት!»

«ልጄ ነሽ» አላት። ዓይኑ በእጇ ካለው ስልክ አልተነሳም።

ለመቃብሩ ስትል ይቅር ልትለው ትችል ነበር። አንዲት ሴት ቀባሪ ልታጣ ስትል አፉን ይዞ መቀመጡን ግን አላለፈችውም። እሷስ? ሰው ፊት ብድግ ብላ ያቺን ሴት ያዋረደችው ማን ሆና ነው? ወደ ጉባኤው ተመለሰች። ዳኛ ታምሩ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። አልፋው ሸዋዬ ፊት ተንበረከከች።

«መጀመሪያ እርስዎ ይዩት።»

ሸዋዬ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። «ምኑ ነው የሚታየው? አልለየሁትም።»

«ይኼ የርስዎ ጣሪያ ነው። ይኼ አጥርዎ፤ ቀጥ ያለ ነው። ይኼ ደግሞ…» ጣቷን ወደ ማዶ አሻገረች። «ይኼ የኛ ነው። የወጣው የኛ ነው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ማንም አልሳቀም። ፍቅሩ ቆቡን አውልቆ መሀል ላይ ቆመ፤ ታምሩም ቀና ብሎ ሳያየው፣ አጥሩ ወደ ጥንቱ ቦታው እንዲመለስ፣ ካሳውም ለሸዋዬ እንዲሆን ፈረደ። ከዚያ ተቸገረና አጉረመረመ። «ሟቿን እንግዲህ… አጥሩ ሲመለስ ራስጌዋ…»

«ሟቿን አልከስም» አለች ሸዋዬ። «ከብቴም አይረግጣትም። ፍቅሩ፣ አንተ ግን ዛሬ ይቅርታ አትጠይቀኝ። ነገም አትምጣ።» ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ገባች።

ፍቅሩ ወደ አጥሩ ሄዶ የመጀመሪያውን ግንድ አቀፈና ነቀነቀው። ጠብቆ ተተክሏል፤ ጉልበቱም የድሮው አይደለም። ሰው ቆሞ ያያል፤ የሚረዳው አልተገኘም። ማዕዶት ሪሞቱን ለሙከሚል ሰጠችውና እጅጌዋን ሰብስባ ግንዱን ከወዲያ በኩል ያዘች። አባቷ ቀና ብሎ አያት። እሷ አላየችውም።

«ግፋ» አለችው።