ባዶው ሲሊንደር

ሚንቾ የጋዝ ማቃጠያውን ነበልባል በናፍጣ ማጣሪያው ዙሪያ ቀስ እያደረገ ያዞር ነበር። አንድ ቦታ ላይ አያቆየውም፤ የሕፃን ወተት እንደሚያሞቅ ሰው ጠጋ ያደርገዋል፣ መለስ ያደርገዋል። ብርዱ ናፍጣውን እንደ ሞራ አርግቶታል። ሌሎቹ ሹፌሮች እንዲህ ባለው ጠዋት ሞተሩን ደጋግመው ሲሞክሩ ባትሪ ይጨርሳሉ። እሱ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ አውቶቡሱም አሳፍሮት አያውቅም።

በመሀሉ የሆነ ነገር ጠሽ አለ።

እጁን እስኪሰበስብ ድረስ የሞተሩ ክፍል በነጭ ጉም ተሞላ። ከየማዕዘኑ ውሃ መሰል ነገር ይረጫል፤ ብረቱ ላይ አርፎ አረፋ እየሆነ ይወርዳል። ከፊት በኩል፣ ከሹፌሩ መቀመጫ፣ የማያቋርጥ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ተነሣ። ሚንቾ ማቃጠያውን አጠፋና አረፋ የነካውን እጅጌውን እያየ ቆመ።

የጋራዡ መካኒክ ቢሊያና ግማሽ የተበላ ባኒጻ፣ አይብ የገባበት ጥቅል ዳቦ፣ በእጇ እንደያዘች ወጣች። የሟቹ ጓደኛው ልጅ ናት፤ ከጡጦ ዘመኗ ጀምሮ ያውቃታል። እሷም እንደ ሌሎቹ ወጣቶች «ባይ ሚንቾ»፣ ጋሼ ሚንቾ እንደ ማለት፣ ትለዋለች።

«ምን ነካው?» አላት። «እሳት የለም እኮ። እኔ ነኝ።»

«እሱ እርስዎን ከእሳት አይለይም፣ ባይ ሚንቾ።»

ጎንበስ ብላ አሳየችው። ከእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር የሚነሣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በሞተሩ ላይ፣ እሳት ሊነሣ በሚችልበት ቦታ ሁሉ፣ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ውስጡ በግፊት የተሞላ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ለስልሶ ይፈነዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ የሲሊንደሩ አፍ በራሱ ይከፈታል፤ ፈሳሹም በመርጫዎቹ በኩል ይወጣል። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፣ ቁልፍ የሚጫን ሰውም አይጠብቅም። ቱቦው ከማጣሪያው ሥር፣ ነበልባሉ ሲዞርበት ከነበረው ቦታ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አፉን ከፍቶ ነበር።

ሚንቾ ይህን ሁሉ ሰምቶት ያውቃል። ዕቃው የተገጠመ ጊዜ ሹፌሮቹን ሰብስበው አስረድተዋቸው ነበር። እሱ ያን ዕለት ከኋላ ተቀምጦ «የሞተሩ ሞግዚት» የሚል ስም አወጣለት፤ ሁሉም ሳቁ፤ ስሙም ጋራዡ ውስጥ ቀረ። ቱቦው በየት በየት እንደሚያልፍ ሲነገር ግን እሱ ገና ከሳቁ ጋር ነበር።

«በይ ሙዪው» አላት።

«እዚህ አይሞላም። ሌላ ሲሊንደር ከፕሎቭዲቭ ከተማ መምጣት አለበት። ነገ ነው የሚደርሰው።»

ነገ አይሆንም። የትምህርት ቤቱ መዘምራን ዛሬ ረፋድ ላይ ስሞልያን ከተማ ለውድድር ይጠበቃሉ። ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋጁ ከርመዋል፤ መጀመሪያ ድምፅ የምታወጣላቸው ደግሞ ኔዳ ናት፣ የሚንቾ የልጅ ልጅ። የድርጅቱ ሁለተኛ አውቶቡስ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የወላጆችን መኪና እንለምን ቢባል፣ ግማሹ ሰው በዚህ ሰዓት እንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ሥራ ገብቷል።

የአውቶቡሶቹ ባለቤት ታኔቭ ሲመጣ ሞተሩ ተጠርጎ፣ ተነሥቶ፣ ያለ ምንም እክል ይሠራ ነበር። የሆነውን ሰማና ትከሻውን ሰበቀ። ከሚንቾ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። ያለ ሲሊንደሩ ስንት ዘመን እንደነዱ፣ አንድ መኪና እንኳ እንዳልተቃጠለባቸው አስታወሰው።

«አንተው አይደለህ ሞግዚት አያሻኝም ስትል የነበርከው?» አለው። «አንድ ቀን ነው፣ ሚንቾ። ልጆቹን አታሳዝን።»

ከዚያ ወደ ቢሊያና ዞሮ ጩኸቱን ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት ሽቦ ብታገናኝ ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለው ቀይ መብራት አረንጓዴ እንደሚሆን ነገረችው። ይህን ስትል ግን ታኔቭን አላየችም።

«የሚነዱት እርስዎ ነዎት፣ ባይ ሚንቾ» አለች።

ሚንቾ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። እንደ ልማዱ ወደ መሪው አልሄደም፤ እስከ መጨረሻው ዘለቀና የኋላው ረጅም ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ከሥሩ ስለሆነ ወንበሩ ይሞቃል። ልጆቹ በክረምት በሩ ገና ሳይከፈት የሚጋፉት ለዚህ ወንበር ነው፤ ኔዳና ጓደኞቿ ለማንም አይለቁትም። ከዚያ ሆኖ ወደ ፊት ሲያይ የራሱ መቀመጫ እጅግ ራቀበት። ስንት ዓመት ሲነዳ ከኋላ ሆኖ አይቶት አያውቅም። እዚህ የሆነ ነገር ቢጀምር፣ ጭሱ እዚያ እስኪደርስ ልጆቹ ምን ላይ ይሆናሉ? የሚነግረው ያ ጩኸት ብቻ ነው። ያን ደግሞ አፉን በሽቦ ሊያስዘጉት ነው።

ሞቀው። ተነሣ።

«አልሄድም» አለ ወርዶ።

ታኔቭ ብዙ አልተከራከረም። ለትምህርት ቤቱ እደውላለሁ ብሎ ስልኩን ሲያወጣ ሚንቾ ከለከለው፤ ራሱ ሄዶ ሊነግራቸው በእግሩ ተነሣ።

ልጆቹ ቀይ ሽርጣቸውን ታጥቀው ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ነበር። በእግሩ ሲመጣ ሲያዩ ጫጫታው በረደ። አስተማሪቱ ወደ ጎን ወስዳ፣ ብርዱ አበላሸው ብንላቸውስ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው። ሚንቾ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀና ልጆቹ ፊት ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ሞተሩ አጠገብ እሳት ይዤ ሄድኩ። ማጥፊያው ሥራውን ሠራ፤ አሁን ባዶ ነው። በባዶ አልወስዳችሁም።»

ከኋላ አንድ ልጅ፣ የአክስቱ መኪና ጭራሽ ማጥፊያ እንደሌለው ተናገረ። ጥቂቶቹ ሳቁ። ኔዳ አልሳቀችም።

«ሞተሩ ይነሣል?» አለችው።

«ይነሣል።»

«ብንሄድ ይቃጠል ነበር?»

ሚንቾ ቆቡን በጣቶቹ መሀል አዞረ። «አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

አንድ ነገር ሊል ፈለገ። ስለ ኋላው ወንበር ማውራት ለሕፃን ማስፈራራት መሰለውና ተወው። ኔዳ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ የፀጉር ጉንጉኗ ላይ የተሰካውን አበባ ነቅላ ወደ ክፍል ገባች።

ቀኑ እንዳማረበት ዋለ። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ጭጋግም አልነበረም። የዳቦ መኪናው ከስሞልያን ደርሶ ሲመለስ ሚንቾ ከጋራዡ በር ላይ ሆኖ አየው። ማታ ኔዳ የባቄላ ሾርባዋን ጨርሳ ተነሣች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ዳቦውን ግን እንዲያቀብላት አልጠየቀችውም፣ ተንጠራርታ ራሷ ወሰደች። አልጋው ላይ ሆኖ፣ ቢሄዱ ኖሮ ይሄኔ በሰላም ደርሰው ተመልሰው ነበር፣ አለ በልቡ። ምናልባት። ልጅቷን ውድድሩን ያሳጣት ውሳኔ ትክክል መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም፤ ወደፊትም አይኖርም።

ሲሊንደሩ በማግስቱ መጣ። ቢሊያና ቦታው ላይ አሰረችው፤ አዲሱን ቱቦ ከጥቅልሉ እየፈታች ሚንቾ ጫፉን ይዞላት ነበር። ማጣሪያው ጋ ስትደርስ እጇን አቆመች።

«ያን ጊዜ ስገጥመው በዚህ በኩል በእሳት እንደሚያሞቁ አውቅ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ። «የአባቴ ጓደኛ ነዎት፤ እንዴት ብዬ ልንገርዎት? ዝም አልኩ።»

«ብትነግሪኝም እቀልድብሽ ነበር።»

«አሁን ትንሽ ላርቀው እችላለሁ። ከላይ ባሳልፈው እንኳ እሳት ከተነሣ ያያል፤ እንደዚህ ፈጥኖ ባይሆንም። እርስዎም እንደ ልማድዎ…»

ሚንቾ ቱቦውን ከእጇ ወሰደ። ማጣሪያው ሥር አስጠግቶ ያዘውና የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ማሰሪያ አጠለቀ።

«በመመሪያው መጽሐፍ የተባለው እዚህ ነው?»

«እዚያ ነው።»

«እዚሁ ይሁን። የሚርቀው የኔ እሳት ነው። ጠጋ በይና ያዢልኝ።»

ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፤ የተረፈውን ጫፋቸውን በፒንሳ ቆረጠ። ቱቦው እንዳልተጣመመ ለማረጋገጥ ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ዳሰሰው። ቢሊያና ቱቦውን በግፊት ሞላችው፤ የመለኪያው ቀስት ወደ አረንጓዴው ወጣ፣ እዚያው ቆመ። ሚንቾ ቁርጥራጮቹን ከመሬት ለቅሞ ኪሱ ከተተ፣ ፒንሳውን ጠርጎ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠና የሞተሩን ክዳን ዘጋ።