እጅ መንሣት

ዳባት የእንስሳት ክሊኒክ ስሠራ ቁጡ መሆኔን ያልሰማ ገበሬ አልነበረም። ቁስል ላይ ቅቤ የቀባ ወይ አመድ የነሰነሰ ሰው ሲመጣብኝ ምላሴን አልሰበስብም። “ሐኪሟ ሕሊና ከብቱን ትታ ባለቤቱን ነው የምትወጋው” ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ። የራሴን ጥፋት ግን አራት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም።

በ1995 ዓ.ም. የእትዬ ወለተ ማርያም ላም ምጥ ጸናባት፤ ጥጃው አልወጣ አለ። እትዬ ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ያለቻቸው ያችው አንዲት ላም ነበረች። ጎኗን ላጨሁ፣ በሳሙናና በአዮዲን አጠብኩ፣ መሣሪያዬን ቀቀልኩ፣ እጄን እስከ ክርኔ ፈትጌ ጓንት አጠለቅሁ። ጎኗን ከፍቼ ሳለ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ያርጋል ከእርሻ መጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። የታላቅ ሰው እጅ ይመለሳል? ጎንበስ ብዬ ጨበጥኳቸው። መዳፋቸው አፈር ነበር። ሌላ ጓንት አልያዝኩም፤ በዚያው እጅ ወደ ሆዷ ገባሁ።

ጥጃዋ በሕይወት ወጣች። ላሟ ግን ስፌቱ መግል ቋጥሮ በስምንተኛው ቀን ሞተች። እትዬ “የሰጠ እግዜር ወሰደ” ብለው እንባቸውን ጠረጉ። እውነቱን ልነግራቸው አፈርኩ፤ ፈራሁም።

በ1999 ያቺ በእጅ ወተት እየተጋተች ያደገች ጥጃ፣ ጊደር ሆና በመጀመሪያ ምጧ ተያዘች። እትዬ ሌላ ከብት አላፈሩም። ሰው ላኩብኝ፤ ደረስኩ። ታጥቤ፣ ጓንቴን አጥልቄ ምላጩን ላነሣ ስል አያ ያርጋል ገቡና እጃቸውን ዘረጉ። እጆቼን ወደ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ። እጃቸው ተዘርግቶ ቀረ።

“እጅ ነሣሽኝ?” አሉ።

እንደ ልማዴ ልቆጣ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወደ እትዬ ዞርኩ።

“የዚችን እናት የገደልኳት እኔ ነኝ፤ እግዜር አይደለም። ጎኗን ከፍቼ ሳለ ሰው ጨብጬ በዚያው እጄ ገባሁባት።”

ማንን እንደጨበጥኩ አልተናገርኩም። አያ ያርጋል ግን መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። እትዬ የጊደሯን ግንባር ዳሰሱ። ውጪልኝ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

“ይኸን ለመናገር አራት ዓመት ፈጀብሽ” አሉ በመጨረሻ። “በይ፣ ሥራሽን ሥሪ።”

በዐሥራ አራተኛው ቀን ክሩን ላወጣ ሄድኩ። ስፌቱ ደርቋል፤ ላሟ እንቦሳዋን ታጠባለች። አያ ያርጋል ከአጥሩ ዳር ቆመው ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ታጥቤ ነበርና ልክሳቸው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ ቀስ ብለው ዝቅ አሉ።

“ድሮ ለሚከበር ሰው እጅ ይነሣ ነበር እንጂ አይጨበጥም። እጅ ነሥቻለሁ፣ ልጄ።”

ይቅርታ ያደረጉልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ኋላ እትዬ እንደነገሩኝ ግን፣ ያን ቀን ጥፋቴን ከተናገርኩ ጀምሮ አያ ያርጋል የማንንም እጅ ጨብጠው አያውቁም።