ሁለተኛው ሳይረን

ባለቤቴ ዴልበርት የማስጠንቀቂያው ሳይረን በጮኸ ቁጥር «ልጄ ተቆጣች» ይል ነበር። ልጃችን ማርሊስ የምትሠራው በከተማው የአደጋ ጥሪ ማዕከል ነው። በአደጋ ጊዜ ለሚደወለው ለዘጠኝ አንድ አንድ ስልክ የምትመልሰውም፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሳይረኑን የምታስጮኸውም እሷ ናት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ለሙከራ ስታስጮኸው ዴልበርት ከጋራዡ ብቅ ይልና በእጁ የያዘውን መፍቻ ወደ መሀል ከተማ እያወዛወዘ «ሰምቻለሁ! ሰምቻለሁ! ምን ያስጮኽሻል!» ይላል። ጎረቤታችን ፐርል ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ሆና «ድምፁን ከእናቷ ነው የወረሰችው» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፤ እኔም የሰማሁ አልመስልም።

እኛ የኤልድሪጅ ሰዎች ሳይረን ስንሰማ መጀመሪያ የምናደርገው በረንዳ ላይ ወጥቶ ሰማዩን ማየት ነው። ማርሊስን ይሄ ነገር ያንጨረጭራታል። አንድ እሁድ ምሳ ላይ እንዲህ አለችን፤

«ሳይረን እየጮኸ ስንት ሰው እንደሚደውልልን ታውቃላችሁ? አደጋ ደርሶበት እንዳይመስላችሁ። ‹ለምንድን ነው የሚጮኸው?› ብሎ ለመጠየቅ ነው።»

«ታዲያ ምን ትያቸዋለሽ?» አላት አባቷ።

«‹ምድር ቤት ይግቡ› እላለኋ! ባለፈው አንዱ ‹እሱንስ እገባለሁ፣ ግን የዛሬው የቤዝቦል ጨዋታ ቀርቷል ወይ?› አለኝ።»

«ቀርቶ ነበር?»

«አባዬ!»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?»

እንዲህ ነበር የሚያናድዳት። እሷም ስትናደድ ደስ ይለዋል፤ ድንች እየጨመረ በሳህኗ ላይ ይከምርላታል።

ያን ቀን፣ በግንቦት፣ ገና ከጠዋቱ ጀምሮ አየሩ ከብዶ ነበር። ልብስ አጥቤ ባሰጣ አልደርቅ አለኝ። ማርሊስ ሥራ ከመግባቷ በፊት ደወለች። «ዛሬ ነገሩ ደስ አይልም እማ። አንዴ ሥራ ከጀመርኩ ለቤተሰብ መደወል አይፈቀድልኝም። ስልካችሁ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቶሎ ውረዱ። በረንዳ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

ከሰዓት በኋላ የሁለታችንም ስልክ በአንድ ጊዜ አንባረቀ። ወዲያው ሳይረኑ ተከተለ። ዴልበርት በረንዳ ላይ ወጣ፤ እኔ በክንዱ ይዤ ጎተትኩት። ምድር ቤታችን ከቤቱ ውጭ፣ ጓሮው ውስጥ የተቆፈረ ነው። መሬት ላይ የተጋደመ የብረት መዝጊያ አለው፤ እሱን ከፍቶ በድንጋይ ደረጃ መውረድ ነው። ወርደን ዘጋነው።

ውስጡ ባለፈው ዓመት ያሸግኳቸው የኮክ ፍሬ ጠርሙሶችና ሁለት ያረጁ ወንበሮች አሉ። ይዘን የወረድነው ሬዲዮ ከመንጫጫት በቀር ምንም አልነግረን አለ። ላያችን ላይ በረዶው ይወቅጣል።

«ቲማቲሞችሽ አለቁልሽ» አለኝ።

«ቲማቲሞቼን ተዋቸው። ያ መኪናህ ውጭ ነው ያለው።»

«መኪናዬን አትንኪብኝ! ከቲማቲም ጋር ታወዳድሪዋለሽ?»

ከዚያ ከሩቅ፣ በሰሜን በኩል፣ ከባድ የጭነት ባቡር የሚያልፍ የሚመስል ድምፅ ሰማን። እጄን ያዘኝ። ድምፁ እየራቀ ሄደ። በረዶውም ቆመ፤ ሳይረኑም ዝም አለ። የውሃ ጠብታ ብቻ ይሰማል። እዚያው ቆየን።

ያኔ ነው ሳይረኑ እንደገና የጮኸው።

ዴልበርት ፊቱ ፈካ አለ። ከወንበሩ ተነሳ። «ይኸው! አለፈ። በይ እንውጣ።»

«የት ነው የምትወጣው? እየጮኸ አይደለም እንዴ?»

«ሁለተኛው እኮ ነው! የመጀመሪያው ግቡ ነው፣ ሁለተኛው ውጡ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚሁ ነው።»

እኔ የተወለድኩት ነብራስካ ውስጥ፣ ሳይረን የሚባል ነገር በሌለበት እርሻ ላይ ነው። ስለዚህ ነገር የማውቀው አልነበረኝም። ግን ልቤ አልወደደውም። «ማርሊስ ምን እንደምትል ሳናውቅ አንወጣም» አልኩት።

ሳቀ። ደረጃው ላይ አንድ እግሩን አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «ማናት ታዲያ እሱን ያስጮኸችው? ማርሊስ አይደለችም? ልጅሽ ናት እኮ ውጡ እያለችሽ ያለችው። እሷን ካላመንሽ ማንን ልታምኚ ነው?»

ይሄን ሲል ደስ ብሎት ነበር። ኩራት ነበረበት።

«አንቺ ጉልበትሽን አሳርፊ፣ ደረጃው እርጥብ ነው። መንገዱን ልየው። በዚያው ፐርልንም አያታለሁ» አለና ወጣ። ጠብታው እንዳያርፍብኝ መዝጊያውን ከላዬ መልሶ ዘጋው።

የኤልድሪጅ ከተማ በድሮ ጊዜ ሳይረኑን ሁለት ጊዜ ታስጮኽ ነበር። ይሄን በኋላ ነው ያወቅኩት። አንዱ ግቡ፣ ሁለተኛው አልፏል ውጡ። ነገሩ ማርሊስ ሳትወለድ በፊት ቀርቷል። ያን ቀን ሁለተኛው የጮኸው የፊተኛውን ተከትሎ ሌላ አውሎ ነፋስ ስለመጣ ነው። ዝናብ ተከናንቦ ነበር የመጣው፤ ዓይን ቢኖርህም አታየውም።

ስለ ድምፁ አልጽፍም።

ዝም ሲል መዝጊያውን ለመግፋት ሞከርኩ። አልነቃነቅ አለ። ትልቁ ዛፋችን ወድቆበት ኖሯል። ስሙን እየጠራሁ ብዙ ጮኽኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ማዕከሉ ውስጥ ስልክ የሚመልሱ ሌሎችም ሰዎች አሉ። ያነሳችው ግን እሷ ነበረች።

«ዘጠኝ አንድ አንድ፣ አደጋው የት ነው?»

«ማርሊስ፣ እኔ ነኝ።»

«አድራሻውን ንገሪኝ።»

«ቤት ነኝ። ያደግሽበት ቤት።»

«አውቃለሁ እማ። አንቺ አድራሻውን በአፍሽ ንገሪኝ። መንገዱንና ቁጥሩን።»

ነገርኳት። ኮምፒውተሯ ላይ ስትጽፈው የጣቷ ድምፅ ይሰማኛል። የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ጋዝ ይሸተኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ የማላውቀው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ትሁት፣ የማይንቀጠቀጥ።

«እዚያ ውስጥ ስንት ሰው ነው ያላችሁት?»

«አንድ» አልኳት።

የጣቷ ድምፅ ቆመ። «አባዬስ?»

«ወጥቷል።»

«ለምን ወጣ?»

ይሄ ከጥያቄዎቿ ውስጥ አልነበረም። ይሄን የጠየቀችኝ ልጄ ናት። ደረጃው ላይ ቆሞ ያለኝን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። ሳይረኑን ያስጮኸው እጅ አሁን ስልኩን ይዟል። ይሄን ከሰማች ያ እጅ ዳግመኛ ሥራ አይሠራም፤ ወይም ይሠራል፣ እሷ ግን አትኖርም።

«ፐርልን ሊያይ» አልኳት።

ዴልበርትን ያገኙት በእንጨት መሸጫው ግቢ ነው። ከጓሯችን እስከዚያ ድረስ ሁለት መንገድ ያሻግራል። ፐርል መታጠቢያ ገንዳዋ ውስጥ ፍራሽ ተከናንባ ተርፋለች። የከተማው ጋዜጣ ጎረቤቱን ለማዳን የወጣ ሰው ብሎ ጻፈለት። ቄሱም በቀብሩ ላይ ይሄንኑ ሰበኩ። እኔ ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አላረምኩም። ፐርል ግን ከቀብሩ በኋላ አጥሩ ጋ ቆማ መቀለድ ተወች። በየሳምንቱ የፍራፍሬ ፓይ ጋግራ ታመጣለች፤ በሩ ላይ ሰጥታኝ፣ ዓይኔን ሳታይ ትመለሳለች። አንድ ቀን «ኔልዳ፣ እኔ እኮ አልጠራሁትም» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ከዚህ በላይ ልላት የምችለው ነገር አልነበረም። ለእሷ ብነግር በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ማርሊስ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቅዳሜ ቀትር ሳይረኑን ታስጮኻለች። ክረምቱን በሙሉ እሁድ እሁድ ምሳ እየመጣች ትበላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ «ለፐርል ብሎ ነው፤ እሱ መቼም እንደዚያ ነው» ትላለች። ስትለው ትንሽ ቀና ትላለች። ያቺን ቀና ማለቷን አይቼ ዝም እላለሁ።

በመጋቢት፣ የአውሎ ነፋስ ወራት ሳይገባ፣ ከተማው በየዓመቱ ለአዛውንቶች ስብሰባ ያደርጋል። በእኛ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው የሚደረገው። ዘንድሮ እንድትናገር የተላከችው ማርሊስ ነበረች። እኔ ኋላ ወንበር ተቀመጥኩ፤ ፐርል ከሴቶቹ ጋር ፓይ ትቆርሳለች።

ማርሊስ በደንብ ተናገረች። በረንዳ ላይ ስለሚቆሙት ስትናገር ሁሉም ሳቀ። ጥያቄ ካለ ስትል ኤመት እጁን አነሳ። ኤመት የዴልበርት አብሮ አደግ ነው፤ ሬሳ ሣጥኑንም ከተሸከሙት አንዱ ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ባለፈው ግንቦት ያ የውጡ ሳይረን ለምን ፈጥኖ ተነፋ?»

«የትኛው የውጡ ሳይረን?»

«ሁለተኛው ነዋ።»

«ጋሼ ኤመት፣ የውጡ ሳይረን የለም። ሳይረን በጮኸ ቁጥር ግቡ ማለት ነው። ሁለቴም ቢጮኽ፣ አምስቴም ቢጮኽ።»

«እንዴት የለም? ዕድሜዬን በሙሉ በሱ ነው የምወጣው!»

«እኔም» አለ ከጎኑ ያለው።

«ሁላችንም» አለ ሌላው። «አንድም ቀን ምንም ሆነን አናውቅም።»

«ያን ቀንም ወጥቼ ነበር» አለ ኤመት። «በእኛ ሰፈር በኩል ስላላለፈ ነው እንጂ። ሁላችን የዚያ ዘመን ሰዎች እንደዚያ ነው የምናውቀው። እኔ ብትይ፣ ዴልበርት ብትይ...»

አፉን ያዘ። ማርሊስ የያዘችውን ማይክሮፎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከሁሉም ሰው አናት በላይ እኔን አየችኝ። እኔም ዓይኔን ከእሷ ላይ ማንሳት ነበረብኝ፤ አላነሳሁም።

«ለመምጣታችሁ አመሰግናለሁ» አለች። «ፓይ አለ።»

መኪናዋ ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። የአዳራሹ መብራት በመስኮቶቹ ይታያል።

«እማ፣ ሲወጣ ምን አለ?»

«ነግሬሽ የለም እንዴ? ፐርልን...»

«እማ።» ያ በስልክ የሰማሁት ድምፅ ነበር፤ ቀጥ ያለው። «ያለውን በአፍሽ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ምንም አላስቀረሁም፤ ውጡ እያለችን ያለችው ልጅሽ ናት ያለውን፣ እሷን ካላመንሽ ማንን ልታምኚ ነው ያለውን። ስናገር መሪውን እያየች ነበር። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

«ፈርቶ ነበር?»

«አልፈራም። ደስ ብሎት ነበር። በአንቺ ኮርቶ ነበር።»

«እሱ ደግሞ ይብሳል» አለች።

«ማርሊስ፣ አንቺ ግቡ ብለሽ ነው ያስጮኽሽው።»

«እኔ ያልኩት ምን ያደርጋል፣ እሱ የሰማው ነው እንጂ።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «አንድ ሰው እንኳ አልነገራቸውም እማ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳስጮኸው ሲወጡ ኖረዋል። ስንቴ አስጮኼዋለሁ? ስንቴ?»

ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። ክንዴን ይዛ ቀስ አድርጋ ጭኔ ላይ መለሰችልኝና በሩን ከፍታ ወረደች። ወደ ቤቷ በእግሯ ልትሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

በመስኮቱ አያታለሁ። ሽማግሌዎቹ ወንበሮቹን እያጠፉ ግድግዳው ጋ ይደረድሩ ነበር። መሀላቸው ቆመች። መናገር ጀመረች። የምትለው አይሰማኝም። ግን አንድ ጊዜ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ስታመለክት አየሁ። ኤመት ያጠፈውን ወንበር መልሶ ዘረጋና ተቀመጠበት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዘርግተው ተቀመጡ።

እኔም ወረድኩ። ውስጥ ስገባ ማንም አልዞረም። ፐርል ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ እርጥብ ፎጣ እንደያዘች፣ ማርሊስን እየሰማች ቆማለች። ያልነገርኳትን ልነግራት መጀመሪያ ፐርል ዘንድ ሄድኩ።