የአንድ ሰው ረድፍ

ዴኦሊንዳ ገንዳው ውስጥ ቆማ፣ እየተረገጠ ያለው የወይን ጭማቂ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ ጠየቀች።

ሌሎቹ ሴቶች ይሳሳቃሉ። እንግዳ የሚያሳርፈው የወይን ርስት የሰጣቸውን ነጭ ቁምጣ ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው የገንዳውን ጠርዝ፣ በሌላው ብርጭቆ ይዘው ይረግጣሉ፤ ፎቶ አንሺው ይዞራቸዋል። ሁሉም ብቻቸውን የመጡ ናቸው። በወይን ለቀማ ወራት ርስቱ ብቻቸውን ለሚጓዙ ሴቶች የሚለየው ሳምንት አለ፤ ለእያንዳንዷ የዶውሮን ወንዝ ቁልቁል የሚያይ ሰገነት፣ በወይን ፍሬ ዘይት መታሸት፣ ማታ ደግሞ አንድ ወንበር ብቻ የቀረበበት ጠረጴዛ።

"ይሄኛው?" አለች የእንግዶቹ ኃላፊ ማፋልዳ፣ ከሊዝበን የመጣች አንደበተ ለስላሳ ወጣት። "ይሄማ ለጨዋታ ነው፣ እመቤቴ። ሲመሽ ለአሳማ ይሰጣል።"

ዴኦሊንዳ አንድ እግሯን አወጣች፤ ከዚያ ሌላውን።

"ተቀየሙ እንዴ?"

"አልተቀየምኩም። ግን ለአሳማ ልረግጥ ብዬ ከሉክሰምበርግ ድረስ አልመጣሁም።"

እውነቷን ነበር። የተወለደችው ከወንዙ ማዶ ነው። እናቷ ፌሊዝሚና ወገቧ እስኪጎብጥ በእነዚሁ እርከኖች ላይ ወይን ስትቆርጥ ኖራለች። በሸለቆው ሴት ትቆርጣለች፣ ወንድ ይሸከማል፣ ወንድ ይረግጣል። ሲመሽ ወንዶቹ ወደ መጭመቂያው ቤት ሲገቡ ሴቶቹ ደጅ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠው ዘፈኑን ይሰማሉ። የሴት እግር የነካው ወይን ይኮመጥጣል ይባላል። ዴኦሊንዳ ልጅ ሳለች አንድ ቀን የቤቱን ደፍ ተሻገረች። ያኔ ገና ጎልማሳ የነበረው የመጭመቂያው አለቃ አንገትጌዋን ይዞ አነሳትና በሰው ሁሉ ፊት እንደ ረጠበች ድመት አጥሩ ላይ አስቀመጣት። ያንን ረስታዋለች ማለት ይቻላል። ያልረሳችው እናቷ አንገቷን ደፍታ "ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት" ማለቷን ነው።

ከዚያ ወዲያ የሰው አገር ደረጃ ስትወለውል ኖራ፣ እግዚአብሔር ሲረዳት የራሷን የልብስ ማጠቢያ ቤት ከፈተች፤ ዛሬ የትልልቅ ሆቴሎች አንሶላ የሚታጠበው እሷ ዘንድ ነው። "ብቻሽን ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ?" ስትላት ልጇ፣ "ሌላውን ሁሉ ከሰው ጋር አድርጌዋለሁ" ብላ ሻንጣዋን ዘጋች። ምን እንደምታደርግ ግን ልቧ ያውቀው ነበር። ወይኑ በእውነት የሚጠመቅበት መጭመቂያ ውስጥ ትገባለች፤ አለቃው በረገጣው ማብቂያ "ነጻ" ብሎ ሳያሰናብት አትወጣም።

እግሯን ሳትታጠብ ሽቅብ ወደ መጭመቂያው ቤት ወጣች። ያው አለቃ፣ አልባኖ፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ ማሰሮ ያጥባል። አርጅቷል። አለቃነቱ ግን የእሱው ነው፤ የርስቱ ባለቤቶች ተለዋውጠዋል፣ እሱ አልተለወጠም።

"እንግዳ የሚጫወተው በታች በኩል ነው" አለ ቀና ሳይል።

"እዚያ ጨርሻለሁ፣ ጋሽ አልባኖ። ዛሬ ማታ እዚህ ነው የምረግጠው።"

ስሙን ሲሰማ ቀና አለ። "ይሄን አገጭ አውቀዋለሁ። የፌሊዝሚና ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"እንዴት ናት?"

"ማዶ ተኝታለች። ከተቀመጡበት መስቀሏ ይታያል።"

ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ማዶ አየ፤ "ነፍስ ይማር" አለና መልሶ ደፋው። "በይ አሁን ውረጂ።"

"ለምን?"

"ለምን ይባላል እንዴ? ሴት ከገባች ይኮመጥጣላ።"

"ሲኮመጥጥ አይተው ያውቃሉ?"

"በየት አይቼው? ገብታ የምታውቅ የለች።"

አጥሩ ላይ ለምሳ የተቀመጡት ወይን ቆራጮች ሳቃቸውን ዋጡ። አንዷ፣ ኢዳሊና የምትባል ጠይም ሴት፣ የያዘችውን የበቆሎ ዳቦ አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

"ወንዶቹ ከላም በረት ነው የሚመጡት" አለች ዴኦሊንዳ። "በነሱ እግር ያልኮመጠጠ በኔ ይኮመጥጣል?"

"እኔ የምልሽ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ነው። ስንት አገር ብትዞሪ ያው ነሽ።"

"ይሁና። ማለቁን ማታ እናየዋለና።"

"ስሚ" አለ አልባኖ፣ ድምፁን እንደ መካሪ ዝቅ አድርጎ። "የመጀመሪያው ረገጣ ዘፈን የለው፣ ጭፈራ የለው። ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ፣ በቁጥር፣ እኔ 'ነጻ' እስክል ነው። አንድ ሰው መሃል ላይ ከወጣ ረድፉ ይፈርሳል፤ ረድፉ ከፈረሰ ወይኑ እኩል አይረገጥም። ጎረምሳ ሲያለቅስ አይቻለሁ።"

"አልወጣም።"

"አትገቢማ።"

ነገሩ ማፋልዳ ጆሮ ሲደርስ እየሮጠች ዴኦሊንዳ ሰገነት ድረስ መጣች። "እመቤት ዴኦሊንዳ፣ እኔም ሴት ነኝ፣ ሐሳብዎ ይገባኛል። ግን ጋሽ አልባኖ አኩርፎ ቢሄድ የዘንድሮን ወይን ማን ይይዘዋል? ሌላ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ማሳጅም ይሁን፣ ለብቻዎ ምሳ ወንዝ ዳር ይሁን።"

"አንቺ እዚህ መሥራት ከጀመርሽ ረግጠሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ? ኧረ እኔ ቢሮ ነኝ።"

"ፈልገሽ ታውቂያለሽ ወይ ነው የምልሽ።"

ማፋልዳ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ፣ "እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም" አለችና ወረደች።

ፀሐይ ከላይኞቹ እርከኖች ላይ ስትጠፋ ወንዶቹ የጎመን ሾርባቸውን ጨርሰው በሩ ላይ ተሰለፉ። ልማዱ ነው፤ አልባኖ በማሰሮ ውኃ ያፈስላቸዋል፣ በእግር ጣታቸው መሃል ሳይቀር ያያል፣ ከዚያ "እለፍ" ይላል። ዴኦሊንዳ ጥቁር ቀሚሷን እስከ ጭኗ ጠቅልላ አስራ ከሁሉም ኋላ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ አልባኖ ማሰሮውን ወደ ሌላ ጎን አዞረባት። በሩ ሥር የነበረውን ባልዲ ራሷ አነሳች፣ ተረከዟን በብሩሽ ፈተገች፣ አማተበች፣ ደፉን ተሻገረች። ያኔ አንገትጌዋን ይዞ ያነሳት እጅ ማሰሮውን እንደያዘ ቀረ።

ወይኑ ቀዝቃዛ ነበር። እስከ ጭኗ ዋጣት፤ ከሥር የዘለላው ዘንግ እግሯን ይወጋታል፣ የፍሬው ሥጋ እንደ ሊጥ ይይዛታል። ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ረድፍ ሠርተዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻቸው። ክንዱን የከፈተላት የለም። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ዜፈሪኖ፣ የመጨረሻውን ጥሪ እየጠበቀ ጥግ ላይ የተቀመጠው፣ አለቃውን አየው።

"ትወጣለች" አለ አልባኖ። "ጀምሩ። አንድ፣ ሁለት። ግራ፣ ቀኝ።"

ረድፉ ወደ እሷ መጣ። ወደ ጎን ብትል ግድግዳ ነው፤ ከቆመች ይገፏታል። ፊቷን አዞረችና በእነሱው ቁጥር ከፊታቸው መርገጥ ጀመረች። የምትይዘው ትከሻ ስላልነበራት እጆቿን አጣምራ የራሷን ትከሻ ያዘች። ረድፉ እየገፋ ሄዶ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እሷም አብራ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትቀድማለች። አንድ ረድፍ የወንዶቹ ነበር፤ ሌላው የእሷ።

"ሴትዮ፣ መንገድ ልቀቂ" አላት አንዱ ከኋላዋ።

"እየከፈትኩላችሁ ነው። ከኋላ ላለ ሰው ይቀለዋል።"

አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ አልባኖ ሲያያቸው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ከቁጥሩና ከእግር ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ዴኦሊንዳ ጭኗ እሳት ሆነባት። ዳሌዋ፣ ያ በክረምት የሚያስነክሳት፣ በየእርምጃው ይጠዘጥዛታል። ለመውጣት አማራት፤ አላማራትም ማለት ውሸት ይሆናል። ከአጥሩ ወዲያ፣ ክፍሏ ውስጥ፣ ሞቅ ያለ መታጠቢያ፣ ነጭ ፎጣ፣ የተነጠፈ አልጋ አለ፤ ሁሉም የእሷ ነው፤ ማንም አይወቅሳትም። ይህን እያሰበች ግራ ትላለች፣ ቀኝ ትላለች። ቆራጮቹ ሴቶች አጥሩን ትተው በሩን ሞልተውታል፤ ደፉን ግን አልተሻገሩም።

ረገጣው በሌላ ቀን የሚያበቃበት ሰዓት አለፈ።

"ጋሼ፣ ሰዓቱ ሄዷል" አለ ዜፈሪኖ።

"እሷ ትውጣ።"

"እኛስ ምን በደልን?" አለ ከረድፉ አንዱ።

"እሷ ትውጣ አልኩ። አንድ፣ ሁለት።"

ዴኦሊንዳ ሳትዞር፣ "የደከመው ይውጣ። እኔ እዚሁ ነኝ" አለች።

ረድፉ ሌላ ጊዜ ሄደ፣ ተመለሰ። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ከጫፍ ያለው ግዙፍ ሰው ጓደኛውን ለቀቀና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። "ጨመደደኝ" አለ፤ ማንንም ሳያይ። ረድፉ ላላ፣ ሌሎቹም ቆሙ። በጸጥታው ውስጥ የሚሰማው የአንድ ሰው እግር ብቻ ነበር። ግራ፣ ቀኝ።

አልባኖ ቁጥሩን አልቀጠለም። ቁጥር የጠራላት የለም፤ እሷ ግን አላቆመችም። ቆይቶ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "ነጻ" አለ።

ዜፈሪኖ አኮርዲዮኑን ሳበ። ወንዶቹ ጭፈራ ያሰኛቸው አይመስሉም፤ ታስረው ከርመው እንደተፈቱ ሰዎች ጠርዙ ላይ ተዘረፈጡ። ዴኦሊንዳ በራሷ ጉልበት ግድግዳውን ወጣች። እስከ ጭኗ ሐምራዊ ሆናለች፤ ሊደግፋት እጁን የዘረጋላትን "ተወው" አለችው።

አልባኖ ውኃ ይዞ መጣ። እግሯ ላይ አላፈሰሰውም፤ ማሰሮውን አጠገቧ አስቀመጠው። "ነገ በጊዜ ነይ። ደግሞ ቀሚስሽን ከፍ አድርገሽ እሰሪው፣ ጨርቅ አይግባበት።"

"ነገ አልመጣም፣ ጋሼ። ነገ እተኛለሁ። ላርፍ ነው የመጣሁት።"

"ኧረ? ይሄን ሁሉ ግርግር ፈጥረሽ?"

"አንዴ ገብቻለሁ፤ ወጥቻለሁ። እናቴም ከማዶ ታየኛለች። ይበቃኛል።"

"ታዲያ የነገ ረድፌን ማን ይሞላልኛል? ያን ጅል አየሽው፣ እግሩን ይዞ ያቃስታል።"

ዴኦሊንዳ ወደ በሩ ዞረች። የተናገረችው ግን ኢዳሊና ነበረች፤ ጫማዋን ከውጭ አውልቃ በባዶ እግሯ ደፉ ላይ ቆማለች።

"እኔ ልምጣ?"

አልባኖ እግሯን አየ፣ ወንዶቹን አየ፣ በመጨረሻ በዴኦሊንዳ ጭን ላይ እየደረቀ ያለውን ወይን አየ። ጣቱን ጭማቂው ውስጥ ነክሮ ቀመሰ። ሁሉም ፊቱን ይጠብቁ ነበር። በምላሱ አጣጣመው፤ ፊቱ ግን አልተኮማተረም።

ኢዳሊናን "የእግር ጥፍርሽን ቁረጪ" አላትና መብራቱን ሊያጠፋ ሄደ።